የማትገድል ጠመንጃ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጄ ዮናታን ወጥ ቤት ገብቶ ስልኩን ከሻይ ብርጭቆዬ አጠገብ አስቀመጠና «ባባ፣ አንድ ነገር ቼክ አድርግልኝ» አለኝ። መነጽሬን ፈልጌ ዓይኔ ላይ እስካደርግ እንኳ አልታገሠም፤ ፎቶውን በሁለት ጣቱ ለጥጦ አሳየኝ። ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ተጋድመዋል። ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃዎች ነበሩ።

«ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሃንቲንግ ልንሄድ ነው፤ ጥንቸል» አለ። «ይሄኛው ላይት ነው፣ ፓወሩ ግን ትንሽ ነው። ያኛው ከባድ ነው፣ ግን በጣም ስትሮንግ። የቱን ልግዛ?»

ዮናታን እዚሁ ላስ ቬጋስ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ልጅ ነው። ስለ መኪና አላማከረኝም፣ ስለ ትምህርት አላማከረኝም፣ ሴት ልጅ ሲይዝም የሰማሁት ከሰው ነው። አንድ ቀን ምክር ፈልጎ ቢመጣ፣ ከጥያቄ ሁሉ መርጦ፣ መልሱን ከማንም በላይ የማውቀውን፣ አንስቼ ግን ለማንም የማላወራውን አመጣብኝ።

«ጥንቸል እኮ አንበላም» አልኩት፣ ለማዘግየት ያህል።

«እኔ አልበላም። እነሱ ይበላሉ። ባባ፣ የቱ?»

«ነገ እነግርሃለሁ።»

ትከሻውን ሰብቆ ወጣ። እኔ ሻዬ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። ባለቤቴ ከሺፍት ተመልሳ «ምን ሆነህ ነው?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ነገር ከየት ጀምሬ ልንገራት?

እኔና አባባ የምላቸው አባቴ ቬጋስ የገባነው ዲቪ ለእሳቸው ደርሷቸው ነው። እናቴ ቀድማ አርፋ ስለነበር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዊንቸስተር በሚባለው ሰፈር አንድ መኝታ ቤት ያላት አፓርትመንት ተከራየን፤ አልጋው ለእሳቸው፣ ሶፋው ለእኔ። አሰላ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሰው እዚህ የካዚኖ ወጥ ቤት ሳህን አጣቢ ሆኑ። እኔ አንድ ሆቴል በር ላይ ቆሜ የሰው መኪና ፓርክ እያደረግሁ ቲፕ እለቅም ነበር። አባባ በሥራቸው አማርረው አያውቁም። «ሳህን አይዋሽም» ይሉ ነበር፤ «ከታጠበ ታጥቧል፣ ካልታጠበ አልታጠበም።»

ንቁ ሰው ስለነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ «ጋሽ ታደሰ ቆቅ ናቸው» ይሏቸው ነበር። አባባም ይስቃሉ፣ ምክንያቱም አገር ቤት ሳሉ ዋናው ጨዋታቸው ቆቅ ማደን ነበር። ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መምህር የገዟትን የአየር ጠመንጃ አንግተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ወዳለው ቁጥቋጦ ይሄዳሉ። ጠመንጃዋ ባሩድ አታውቅም። አፈሙዟን ወደ ታች ሲያጥፏት ውስጧ ያለው ሞላ ይወጠራል፤ ምላጩን ሲስቡት ሞላው ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ አየሩን፣ አየሩ ትንሿን የእርሳስ ጥይት። ሞላዋ ያረጀ ስለነበር እርሳሱ ቆቋን ያደነዝዛታል፣ ቢበዛ ክንፏን ይሰብራታል እንጂ አይገድላትም። አባባ ይህን እንደ ጉድለት አያዩትም ነበር። ነፍሷ ሳይወጣ ደርሰው፣ በስመ አብ ብለው በቢላዋ ካልባረኳት በክት ናት፤ በክት ደግሞ በእኛ ቤት የሰው ምግብ አልነበረም። ስለዚህ ተኩሰው ይሮጣሉ። ረጅም ቀጭን ሰው ነበሩ፣ ሲሮጡ ኮታቸው ከኋላ ይውለበለባል። ማታ እናቴ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ የሠራችውን መረቅ ስንጠጣ ስለ ተኩሱ ብዙም አያነሱም፤ የሚያወሩት ስለ ሩጫው ነበር።

ቬጋስ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ጨጓራ ነው ብለው ብዙ ጊዜ ደበቁኝ፤ ጨጓራ መሆኑስ እውነት ነበር። ሐኪሙ የነገረንን እየተረጎምኩ ሳለ አንዷን ቃል ለማለሳለስ አፌ ውስጥ ሳገላብጣት፣ አባባ እጄን ነካ አደረጉና «ካንሰር አለ አይደል? ሰምቻለሁ» አሉኝ። ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መኪናው ውስጥ ገብተን ቁልፉን የት እንደማስገባው ጠፋኝ።

መድኃኒቱ ተጀመረ፣ አባባም መብላት አቆሙ። ያገር ልጅ ሁሉ ሊጠይቅ መጣ። ጁስ መጣ፣ ማር መጣ፣ ጥቁር አዝሙድ መጣ፣ ከሁሉ አብልጦ ምክር መጣ። ምክር የሚያድን ቢሆን አባባ ዛሬም በሕይወት ይኖሩ ነበር። የሱፐርማርኬት ሥጋ «በማን ስም እንደታረደ አላውቅም» ብለው ድሮም አይበሉም። ከእርሻ የቁም ዶሮ ገዝቼ አመጣሁ፤ ባርከዋት ተሠራች፤ ገና ሽታው ሲደርሳቸው አስመለሳቸው። በመጨረሻ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ክብደታቸው ከዚህ በታች ከወረደ የሚቀጥለውን ዙር መድኃኒት ሰውነታቸው ስለማይችለው ሕክምናው እንደሚቋረጥ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባባ ምን ይብሉ?

መስቀል አልፎ የቬጋስ ሙቀት ሲሰበር፣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አየር ይቀበሉ ብዬ ከከተማ አወጣኋቸው። ተራራውን አልፎ ወደ ፓህረምፕ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ስንሄድ፣ ድንጋያማ ሸለቆ አጠገብ ወፎች ተሰልፈው መንገዱን ሲያቋርጡ ፍሬን ያዝኩ። አመድማ ናቸው፣ እግራቸው ቀይ፣ ዓይናቸው ላይ ኩል የመሰለ ጥቁር መስመር አለ። አባባ ወንበሩን ጋደም አድርጌላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ተነሥተው ተቀመጡ።

«ቆቅ ናት» አሉ። «እግሯ ነው እንጂ የተለየው፣ ቆቅ ናት።»

ወፎቹ ቁጥቋጦው ውስጥ እስኪጠፉ በመስኮቱ ተመለከቱ። ከዚያ፣ አፍሮ እንደሚለምን ሰው፣ «የቆቅ መረቅ ባገኝ እጠጣ ነበር» አሉኝ። ከወራት በኋላ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያው የምግብ ስም ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም በማግስቱ የኦቨርታይም ሥራዬን ትቼ ጠመንጃ ፍለጋ ይዣቸው ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድነው ወደ አንድ ትልቅ የአደን ዕቃ መደብር ነበር። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ጠመንጃ ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ደግ ሰውዬ ተቀበለንና ምን እንደምናድን ጠየቀኝ። «ትንንሽ እንስሳ» አልኩት። ወፍ ማለት አልደፈርኩም። ወፍ በአየር ጠመንጃ መምታት ይፈቀድ አይፈቀድ ያን ጊዜ ማንንም አልጠየቅንም፤ መልሱን ስለፈራን ይመስለኛል። ሰውዬው አንዷን ከግድግዳው አውርዶ «ይቺን ውሰድ፤ ጥንቸሉ መመታቱን ሳያውቅ ነው የሚሞተው» አለ።

ተረጎምኩላቸው። አባባ ተቀብለው አፈሙዟን ሊያጥፉ ቢሞክሩ ጉልበታቸው አልበቃም፤ እኔ አጠፍኩላቸው። ሞላው ሲወጠር ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ ትገድላለች። ደካማ የለህም ወይ በለው።»

አፈርኩ። በዚያ ዕድሜ ፈረንጅ ፊት ሞኝ መምሰል ከምንም በላይ ያስፈራኝ ነበር። ግን ተረጎምኩ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውምና «ደካማውን ነው የሚፈልገው» አልኩት።

ሰውዬው ግራ ገባው። «ደካማ?» አለ። «ደካማ ከሆነ እኮ እንስሳው ቆስሎ ይሄድና ይሰቃያል። የሚራራ አዳኝ አንዴ ተኩሶ ነው የሚገድለው።»

ይህንንም ተረጎምኩ። አባባ ሳህን ሲያጥቡ ቅባቱ እንቢ እንዳላቸው ሁሉ በትዕግሥት ሰውየውን አዩት። «ጭካኔስ የፈጣሪ ስም ሳይጠሩበት መግደል ነው በለው» አሉኝ። ያንን ግን አልተረጎምኩም። አመሰግናለሁ፣ እናስብበታለን ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ስንገባ «ምን አለ?» አሉኝ። «ልክ ነዎት አለ» አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ግን አልተከራከሩኝም።

ሌላ ሁለት ሱቅ ዞርን፤ ሁሉም የጠመንጃቸውን ጉልበት ነበር የሚያሞግሱልን። በመጨረሻ አባባ ራሳቸው «አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት የለም?» አሉ። ቬጋስ ውስጥ እሱ አይጠፋም። ቁማር የበላው ሰው ዕቃውን የሚያስይዝበት ፖውን ሾፕ በየመንገዱ አለ። የገባንበት ቤት የጋብቻ ቀለበት በትሪ ደርድሯል፣ ጊታር ሰቅሏል፣ ጥግ ላይ ዊልቸር ነበር። ዊልቸሩን ምን ዓይነት ሰው እንዳስያዘው አሰብኩና ባላሰብኩ አልኩ። ከዊልቸሩ ኋላ አባባ አንዲት ጠመንጃ አዩ። ሰደፏ ተጫጭሯል፣ አፈሙዟ ዝጓል። አጠፏት፤ በራሳቸው ጉልበት፣ ያለ እኔ እርዳታ አጠፏት።

ከኪሳቸው አንድ የልብስ ሳሙና አወጡ። ከቤት ይዘውት ሲወጡ አላየሁም ነበር። አሰላ ሳሉ የሞላውን ጉልበት የሚለኩት እንደዚያ ነበር፤ ሳሙናውን ያቆሙና ይተኩሱበታል፣ እርሳሱ ምን ያህል እንደገባ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ባለ ሱቁ እየሳቀ ከጓሮ አስገባን። አባባ ሳሙናውን ከአጥሩ ሥር አስደግፈው፣ በርሜል ላይ ተደግፈው ተኮሱ። እርሳሱ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ቀረ።

«ይቺ ናት» አሉ። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ፊታቸው ሲበራ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ። ሱቁ ሁሉ ሲያሳፍረኝ የዋለውን ረስቼ፣ ሰው የማይፈልጋትን ጠመንጃ ያገኘነው በዕድላችን ነው ብዬ አመንኩ።

በዚያው ሳምንት፣ ጾም ባልሆነ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ ወጣን። ሌሊቱን ትንሽ ዘንቦ ስለነበር በረሃው ይሸት ነበር። ዝናብ ሲነካው መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት ቁጥቋጦ አለ፤ አባባ መስኮቱን አስከፍተው ያንን እየሳቡ ሄዱ። እኔ በሶ በላስቲክ ጠርሙስ በጥብጬ ይዤ ነበር፤ እሳቸው ውኃ ብቻ። ሸለቆው አፍ ላይ መኪናውን አቁሜ ታጣፊ ወንበር ዘረጋሁላቸው፣ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። ቢላዋውን ከጭናቸው ላይ አኖሩ። የተስማማነው እኔ ልተኩስ፣ ይዤ ልምጣ፣ እሳቸው ሊባርኩ ነበር።

ወፎቹ ቶሎ መጡ። ድንጋይ ላይ ወጥተው ሲንጫጩ ጠመንጃዋን ትከሻዬ ላይ አጥብቄ ተኮስኩ፤ ክንድ ያህል ርቄ ሳትኩ።

«ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ» አሉ አባባ ከወንበራቸው። «አትጨብጣት። ባለ ሞላ ስትጨብጣት ትዘላለች። መዳፍህ ላይ አስተኛትና ተዋት።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። የሚቀጥለው መታ። ላባ ሲበተን አየሁ፣ ወፏ ተንከባለለች፣ እኔም ወደ ወደቀችበት ሮጥኩ። ስደርስ የለችም። ተጎድታ ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ ነበር የሮጠችው፤ የዚህ አገር ቆቅ ስትሸሽ ዳገት እንደምትወጣ ማን ነገረኝ? ድንጋዩ መሃል ስትጮህ ይሰማኛል፤ ድምፁን ተከትዬ ስሄድ ዝም ትላለች፤ ሌላ ቦታ ስፈልግ እንደገና ትጮሃለች። ጫማዬ እየተንሸራተተ፣ እጄ እሾህ እየወጋው ብዙ ፈለግሁ። ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ሁለተኛዋ ስትመታ አንድ እግሯ ተንጠልጥሎ በረረችና ኮረብታውን ተሻግራ ከዓይኔ ተሰወረች።

ሦስተኛዋን ክንፏን ሰበርኳት። ቁልቁል ተንደርድራ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ቁጥቋጦው ብዙ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንድ በአንድ እየገለጥኩ ስፈልግ ከኋላዬ የድንጋይ ኮሽታ ሰምቼ ብዞር፣ አባባ ብርድ ልብሳቸውን ጥለው፣ ቢላዋውን ይዘው ይመጣሉ። ሁለት እርምጃ ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ። «ይመለሱ እባክዎ!» ብል አልሰሙኝም። ፀሐዩ ከፍ ብሎ ጀርባችንን ማቃጠል እስኪጀምር ሁለታችንም በየቁጥቋጦው ሥር ስንጎነበስ ቆየን።

ያገኟት አባባ ናቸው። አንድ ሥር ተጠግታ ተቀምጣለች፣ አፏ ተከፍቷል፣ ትተነፍሳለች፣ ጉንዳን ዓይኗ አጠገብ ይሄዳል። ስንቀርብ ለመነሣት ሞከረችና በተሰበረው ክንፏ ላይ ወደቀች። አባባ መሬት ላይ ተቀምጠው አነሷት፣ ጉንዳኑን በጣታቸው ጠረጉላት፣ ከደረታቸው አስጠግተው ያዟት። እስኪባርኳት ጠበቅሁ። ቶሎ አልባረኳትም። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ዛሬም መናገር ይከብደኛል፤ እናቴ ስትቀበር እንኳ አባባን እንደዚያ አላየኋቸውም።

«እስካሁን አለች» አሉ። «ከመታሃት ጀምሮ እስካሁን።»

«ሆኖም አገኘናት» አልኩ።

«አሰላ ውስጥ ሳትወድቅ ነበር የምደርስባት። ይቺን ጠመንጃ ስመርጥ እግሬን ረሳሁት።»

ከዚያ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሉና ባረኳት። እኔ ልያዝልዎ ብል እንቢ አሉ። ተደግፈውኝ ወደ መኪናው ስንመለስ በየመሃሉ ቆም እያሉ ወደ ገደሉ ያዳምጡ ነበር።

መረቁን እኔ ሠራሁት፣ እናቴ እንደምታደርገው በነጭ ሽንኩርት፤ በሶብላም ከጎረቤት ለመንኩ። አባባ በማንኪያ ቀመሱ፣ ቆዩ፣ እንደገና ቀመሱ። አላስመለሳቸውም። ሳህኑን ጨረሱት። በማግስቱም ሥጋውን ከደረቷ እየቆረጡ በእንጀራ በሉ፤ ሆዳቸው ተቀበለ። ሽንት ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ፣ ውኃውን ከፍቼ፣ እንዳይሰሙኝ። የሚበሉትን ያገኘነው መስሎኝ ነበር። ሳምንት በሳምንት እንሄዳለን፣ ክብደታቸው ይጨምራል፣ መድኃኒቱ ይቀጥላል፣ አባባ ይድናሉ።

«ነገ ዕረፍት ነኝ፤ እንሂድ» አልኳቸው።

«አልሄድም» አሉ።

«ለምን?»

«ሁለቱስ?» አሉኝ። «እዚያ የቀሩት ሁለቱ? አንዷን ልበላ ሁለት አስቀምጬ መጣሁ። ገደሉ ላይ የቀረችው ሌሊት ስትጮህ ይሰማኛል።»

ተከራከርኩ። ጠንካራውን እንግዛ፣ አንድ ጊዜ ትገድላለች፣ ሥቃይ የለም አልኩ። «የሞተ አልበላም» አሉ። ስተኩስ በስመ አብ ብዬ ልተኩስ፣ ያው አይደለም ወይ አልኩ። አይደለም አሉ። የነፍስ አባታችንን ላምጣና ይፍቱዎ፣ ለበሽተኛ ይፈቀድ ይሆናል ብል፣ «አባ ቢፈቱኝ ሆዴ አይፈታኝም» አሉ። በመጨረሻ ጠፍቶኝ «ታርዶ ነው ብዬ ባመጣልዎትስ በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው። ፈገግ አሉ። «አታመጣም። አውቅሃለሁ» አሉኝ። ያ ፈገግታ ያናደደኝን ያህል በሕይወቴ የተናደድኩበት ጊዜ የለም። ወንበር ገፍቼ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የጎረቤቶቼን ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲዞር እያየሁ፣ አንድ ሰው ለወፍ ብሎ ልጁን ጥሎ ይሞታል ወይ እያልኩ ቆየሁ። አላመጣሁም። እንደማላመጣ እኔም አውቅ ነበር።

ሚዛኑ ላይ በወጡ ቁጥር እየወረዱ ሄዱ። ሐኪሙ ጠርቶን፣ የጀመሩት መድኃኒት ከዚህ በኋላ እንደማይሆን ነገረን። ሌላ የቀለለ አለ አለ። በሽታውን አያጠፋውም፣ ያዳክመዋል፤ ሕመሙ ይኖራል፣ ማስመለሱም ይኖራል፣ ጊዜው ግን ትንሽ ይረዝማል። እየተረጎምኩ ድምፄን አጠነከርኩት፤ ትንሽ ይረዝማል የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው።

አባባ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ደካማው ነው የሚሰጠኝ?» አሉ።

አንገቴን ነቀነቅሁ።

«ደካማውን አልፈልግም በለው። አይገድል፣ አያድን። አይተነዋል።»

ሐኪሙ ፊት ፊቴን ያየኛል። የአደን ዕቃው ሱቅ ውስጥ አባባ ያሉትን አፍሬ ውጬ ነበር፤ አሁን ብውጠው ደግሞ ማንም አያውቅብኝም። እሺ ብለዋል ማለት እችል ነበር። አባባ ግን እያዩኝ ነበር፣ አውቅሃለሁ እንዳሉኝ ጊዜ። «ደካማውን አይፈልግም» አልኩት። እንግሊዝኛው አሁንም አንቱታ አልነበረውም።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ሳይወጣ አረፉ። ቤት፣ አልጋቸው ላይ፣ ጠዋት። የመጨረሻዎቹን ቀናት የሕመም ማስታገሻ ይሰጧቸው ስለነበር ጭንቀት አልበዛባቸውም፤ እንደ እኔ ፍላጎት ቢሆን ኖሮ ቁጥቋጦ ሥር እንዳለችው ወፍ አፋቸውን ከፍተው ይቆዩልኝ ነበር። ይህን የተረዳሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው። ለዓመታት የማስበው ጥሎኝ ሄደ፣ ሊቆይልኝ ሲችል ሄደ እያልኩ ነበር። ሐዘን ላይ የመጡት ሰዎች «አባትህ እንደ ጻድቅ ነው ያረፉት» ሲሉኝ ፊቴን አዞር ነበር።

እሑድ ጠዋት ዮናታንን ጋራዥ ይዤው ገባሁ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከገና ዛፉ ካርቶን ኋላ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለችውን አወረድኳት። አፈሙዟ ከድሮውም ይልቅ ዝጓል። ልጄ አገላብጦ አያትና «ዋው፣ ይሄ የማን ነው?» አለ።

«የአያትህ።»

አጥፌ አንዲት እርሳስ አጎረስኳትና የልብስ ሳሙና አቁመን እንዲተኩስ ሰጠሁት። እርሳሱ ከሳሙናው ነጥሮ እግሩ ሥር ወደቀ። ሳቀ። «ባባ፣ ይሄ ምንም አይገድልም!»

«አይገድልም» አልኩት። አባባ ዛሬ ቢኖሩ ለዮናታን የቱን ይመርጡለት እንደነበር አላውቅም። በፓህረምፕ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣ ያ ሸለቆ ጋ ስደርስ ሬዲዮውን እዘጋለሁ። የሚሰማ ነገር የለም፤ አውቃለሁ።

«ጠንካራውን ግዛ» አልኩት። «ከባዱን። ቢላዋም ያዝ።»

«ቢላዋ ለምን? ስትሮንጉ ወዲያው ይገድላል እኮ።»

«ካልገደለስ?»

«እንደገና ሹት አደርጋለሁ።»

«ካላየኸውስ? ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባብህስ?»

«እ... ታዲያ ምን አደርጋለሁ?»

«ትሮጣለህ» አልኩት። «እስክታገኘው ድረስ ትሮጣለህ። መሮጥ ያቃተህ ቀን ጠመንጃ አታንሣ።»